የፍሪጁ ልማድ

ጥቅምት 5 ቀን 2013 ዓ.ም.
ሮዘተንቪል፣ ጆሃንስበርግ

ለፍሬገነት አባት፣ ለውዱ ባለቤቴ ለዱካሞ፤

የጌታ ሰላም ካንተ ጋር ይሁን። እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነን፤ ኮሮናውም እስካሁን ደጃችንን አልረገጠም። ፍሬገነት ሁለት የፊት ጥርሶቿ ወልቀዋል፤ ስትስቅ ቁርጥ እናትህን ነው የምትመስለው። ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ ማስኳን በየቀኑ ትጥላለች፣ እኔም በየቀኑ እቆጣለሁ፤ ሁለታችንም ለምደነዋል።

ደብዳቤ መጻፌ ይገርምህ ይሆናል። በስልክ ስንገናኝ የምታወራው አንተ ነህ፤ እኔ ገና «ግን» ስል ካርዱ ያልቃል። በአፍ መፍቻ ቋንቋችን መጻፍ ደግሞ ሁለታችንም አልተማርንም፤ ስለዚህ በአማርኛዬ ታገሠኝ። የቤተ ክርስቲያናችን ምሕረቱ ማክሰኞ ወደ ሆሳዕና ስለሚሄድ በእጁ ልኬልሃለሁ። ቁጭ ብለህ እስከ መጨረሻው አንብበው።

ባለፈው እሑድ «በረራው ተከፍቷል፣ ልመጣ ነው፤ ያንን ጋራዥ ትተሽ ወደ ሱቁ ተመለሺ፣ ሁሉም እንደ ድሮው ይሁን» ስትለኝ «እሺ» ብዬህ ነበር። ይህን የምጽፍልህ ያንን እሺታ ለመመለስ ነው። በመምጣትህ ደስ ብሎኛል። ናፍቀኸኛል፣ አልደብቅህም። ወደ ሱቁ ግን አልመለስም። ለምን እንደሆነ ከሥሩ ልንገርህ፤ እስካሁን የሰማኸው ቁርጥራጩን ብቻ ነው።

ለእህትህ ልጅ ሠርግ ለሦስት ሳምንት ብለህ በየካቲት ሄድክ፣ በረራው ተዘጋ። አንተ እዚያ ቀረህ፣ እኔ ከሱቁ የብረት መስኮት ጀርባ ቀረሁ። ከኋላችን ባለው መንገድ የሚኖሩትን ሽማግሌ ፖርቹጋላዊ፣ ሚስተር ኖርበርቶን ታስታውሳቸዋለህ፤ ዳቦና ወተት የሚገዙን፣ ግቢያቸው ውስጥ ባለው ትልቅ ጋራዥ ብረት የሚቆርጡት። በግንቦት አንድ ቀን ጣቶቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው መጡ። «ምን ሆኑ?» ብላቸው «ቺንጋው ነው የጨረሰኝ» አሉ።

ማሽናቸው ሠላሳ ዓመት ያለፈው፣ ብረት እየፋቀ ቅርጽ የሚያወጣ ፍሬሳ ነው። ብረቱ የሚታሰርበትን ጠረጴዛ ኮምፒውተር ያንቀሳቅሰዋል፤ መቁረጫውን ይዞ የሚሽከረከረው ስፒንድል ግን ስለ ፍጥነቱ ኮምፒውተሩን አይሰማም ነበር። ፍጥነት ለመቀየር ማሽኑን ማቆም፣ ክዳኑን መክፈት፣ ሞተሩን ማላላት፣ የጎማውን ቺንጋ ከአንዱ የፑሌጃ መዘውር ወደ ሌላው በእጅ ማዛወር ነው። በዚያ ሰሞን ለሆስፒታሎች በእግር የሚረገጥ የሳኒታይዘር ማቆሚያ ይሠሩ ነበር። ለእያንዳንዱ የአሉሚኒየም ቁራጭ ሦስት ጊዜ ቺንጋ ይቀይራሉ፤ ጣቶቻቸው ደግሞ በሪህ የተቆለመሙ ናቸው።

ዳቦውን በብረቱ መሐል እያቀበልኩ «ሞተሩ ባለ ሦስት ፌዝ ነው?» አልኳቸው። እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። «አንቺ ይህን ከየት ታውቂያለሽ?» አሉኝ።

ከየት እንደማውቀው አንተ ታውቃለህ፣ ወይም ረስተኸዋል። አንተ ዘንድ የመጣሁት በጠቅላላ መካኒክስ ተመርቄ ነው። ዲፕሎማዬን ሻንጣ ውስጥ ስታየው «ጥሩ ወረቀት ነው፣ ስኳር ይጠቀለልበታል» ብለህ ሳቅህ። እኔም ስቄያለሁ። ስምንት ዓመት ሙሉ ግን ከአእምሮዬ አልወጣም። ከፋኝ ብዬ ስላልነገርኩህ ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው።

በማግሥቱ ሱቁን ለጎረቤታችን ለፊቤ አስረክቤ ሄድኩ፤ የምትሠራበት ጸጉር ቤት ተዘግቶ ሥራ ፈት ተቀምጣ ነበር። ሚስተር ኖርበርቶ ከአንድ የተዘጋ ፋብሪካ ያገኙት ኢንቨርተር የሚባል ሳጥን አላቸው፤ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን መብራት እየመጠነ ሞተሩን የሚያዘገይና የሚያፈጥን ነው። ገዝተው መደርደሪያ ላይ ጥለውት ኖሯል። እኔ ደግሞ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ከዜሮ እስከ ዐሥር ቮልት የሚያወጣ፣ ማንም ነክቶት የማያውቅ ጫፍ አገኘሁ። ሁለቱ ከተገናኙ ፕሮግራሙ ላይ «ሺህ ዙር» ብሎ መጻፍ ይበቃል፤ ስፒንድሉ ይታዘዛል።

ማውራቱ ቀላል ነው። መጀመሪያ ወደ ኋላ ዞረ፤ ሁለት ሽቦ አቀያየርኩ። ከዚያ ፍጥነቱ በገዛ እጁ ይወጣል ይወርዳል። ለዓይን እንዲያምር ብዬ ትእዛዙን የሚያመጣውን ቀጭን ሽቦ ከሞተሩ ወፍራም ሽቦ ጋር አስሬው ኖሮ፣ ለያይቼ ሽፋን ያለው ሽቦ ስስብለት ረጋ። ቀጥሎ ሺህ ሲባል አንድ ሺህ አንድ መቶ አርባ ይዞራል። በዙር መቁጠሪያ እየለካሁ ሳጥኑ ውስጥ ያሉትን ቁጥሮች ሳርም ሰነበትኩ፤ በሦስተኛው ቀን ሺህ ስለው ሺህ ሆነ። ዱካሞ፣ ከሠርጋችን ወዲህ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም። ፍሬገነት ስትወለድ እንኳ ምጡ ደስታውን ተሻምቶት ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን በስልክ አልነገርኩህም። በነሐሴ መጨረሻ፣ መብራት በየሰፈሩ በተራ በሚጠፋበት ሰሞን ነው። ሳጥኑን ሳስተካክለው አንድ ጥያቄ ነበረው፤ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሞተሩ ራሱ ይነሳ ወይስ ይቁም? ሳላመነታ «ይነሳ» አልኩት። ስምንት ዓመት ሱቅ ውስጥ የኖረ ሰው ሌላ ምን ይላል? የኛ ፍርሃት ፍሪጁ ሳይነሳ ቀርቶ ወተቱ እንዳይበላሽ ነው። የስፒንድሉንም ማስነሻ እንደ ቤት አምፖል አንዴ ከተጫነ በዚያው የሚቀር ተራ ማብሪያ አድርጌው ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማሽኑ እየሠራ መብራት ጠፋ፤ ማብሪያውን ማንም አላጠፋውም። ሚስተር ኖርበርቶ «እስኪመጣ መቁረጫ ልቀይር» ብለው መፍቻውን ስፒንድሉ አናት ላይ ሰኩና፣ መነጽራቸውን ለማምጣት ዘወር አሉ። መብራቱ ከሰዓቱ ቀድሞ መጣ። ስፒንድሉ ተነሳ፤ መፍቻው ተወርውሮ የቆርቆሮ ቁም ሳጥኑን በእሳቸው ራስ ቁመት ላይ በሳው። ሮጬ ቀዩን ማጥፊያ መታሁት። እሳቸው መነጽራቸውን እንደያዙ ቀዳዳውን ያዩታል።

«ማነው ራሱ እንዲነሳ ያደረገው?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«እንደ ፍሪጅ አስቤው ነው» አልኳቸው። እንባዬ መጣ።

«ወደ ቤትሽ ሂጂ» አሉኝ።

ያን ቀን ሱቅ ገብቼ ከብረቱ መስኮት ጀርባ ተቀመጥኩ። ሰው ልገድል ነበር። ከዚያ ደግሞ ይህ ሥራ ከቀረብኝ ዕድሜ ልኬን እንደሚቆጨኝ አሰብኩ። በዚያ ሰዓት ይህን ማሰቤ አሳፈረኝ፤ ግን እውነት ነው፣ ላንተም እውነቱን ነው የምጽፈው።

በማግሥቱ ቱታዬን ልወስድ ሄድኩ። የሳጥኑን መመሪያ ገጹን ገልጠው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠውታል።

«ሲስ አስካ፣ ያበላሸሽው አንቺ ነሽ፣ የምታስተካክዪውም አንቺ ነሽ» አሉ። «እኔም በዚህ ዕድሜዬ ማብሪያውን ሳልመልስ፣ መፍቻ አናቱ ላይ ትቼ ዘወር ብያለሁ። ሁለታችንም አጥፍተናል። ተስማማን? ሻርፕ?»

«ሻርፕ» አልኳቸው።

ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አሁን መብራት ሲጠፋ ማስነሻው ይለቃል፤ ሲመለስ ማሽኑ ዝም ብሎ ይቆማል። ሰው ቀርቦ፣ አይቶ፣ አረንጓዴውን ካልጫነው አይነሳም። ዋናውን ዐሥር ጊዜ እያጠፋሁ እያበራሁ ሞከርኩት፤ ዐሥሩንም ጊዜ ቆመ። ለወፍራም ብረት ዛሬም ቺንጋ በእጅ እንቀይራለን፤ ሳጥኑ ሞተሩን በጣም ሲያዘገየው ጉልበት ያጣልና። እሱን የምቀይረው እኔ ነኝ። የእሳቸው ጣቶች እብጠታቸው ጎድሎ ባለፈው ሳምንት አኮርዲዮን ሲነካኩ ሰማኋቸው፤ ሙዚቃው ግን ገና ብዙ ይቀረዋል።

ሰው ምን ይላል ካልክ፣ ሚስታቸው ቀኑን ሙሉ እዚያው ናት፤ ሾርባ ሳትጠጪ አትሄጂም እያለች መከራዬን ታሳየኛለች። የሁለት ዓመት ውል ሰጥተውኛል። አንተን ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ ከዚያ ዲፕሎማዬን ሻንጣው ውስጥ ፈልጌ አወጣሁና ፈረምኩ። ተቆጣ፣ ይገባሃል። ብቻ ስትጨርስ አናግረኝ።

ሱቁ ደህና ነው፣ መደርደሪያውም ሙሉ ነው፤ ጅምላ ሻጩ አብዱልሀፊዝ ዕቃውን በመኪናው እስከ በሩ ያመጣልናል። ፊቤ ካንተ ጋር ለመሥራት ፈቃደኛ ናት፤ ከኔ ይልቅ ለደንበኛ ትዕግሥት አላት። ይህ ዘመን ለስንቱ ክፉ ሆኖ ሳለ እኔ ግን በነዚህ ስምንት ወራት ... እሱን እንኳ ሰው በሚይዘው ወረቀት ላይ አልጽፈውም። ስትመጣ ፊቴን አይተህ ታውቀዋለህ።

ቲኬት ስትቆርጥ ቅዳሜ የሚያርፈውን ቁረጥ። ቅዳሜ ከሆነ ፍሬገነትን ይዤ፣ አንተ የምትወደውን ሰማያዊ ቀሚስ ለብሼ፣ ራሴ እቀበልሃለሁ። በሥራ ቀን ከሆነ አብዱልሀፊዝ ይመጣልሃል፤ እኔ ሥራ ላይ ነኝ።

የእናትህን ጉልበት ሳምልኝ። የጠበቀን ጌታ መንገድህን ያቅናልህ፣ ሁላችንንም በአንድ ማዕድ ያስቀምጠን።

የምትወድህ
አስካለች