የውሃ ተራ በካልኩሌተር

ጥር 3፣ ቅዳሜ። ግራና

ስክሪኑ እንደገና ጨለመ። ገመዱን ነቀልኩ፣ ባትሪውን አውጥቼ መለስኩ፣ ፋይሉን ከላፕቶፑ እንደ አዲስ ገለበጥኩ። ከጠዋት ጀምሮ ሥራዬ ይኸው ነው። የተማሪዎቼ ፈተና ሳይታረም ቦርሳ ውስጥ ተኝቷል። አንቺ ደብተር፣ አትፍረጂብኝ።

ግራፍ የሚስል ካልኩሌተር ነው። ወልድያ ያገለገለ ዕቃ ከሚሸጥ ሰው ገዛሁት። ሰውየው ለባለሱቅ የሚሆን መደመሪያ መስሎት ነበር። ውስጡ ግን ትንሽዬ ኮምፒውተር አለች። ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ይሠራባታል ይላሉ ኢንተርኔት ላይ ያሉ ወፈፌዎች። እኔም አንዷ ነኝ። መርሳ ት/ቤት አይሲቲ አስተምራለሁ፣ ቅዳሜና እሑድ እዚህ ግራና አባዬ ቤት ነኝ፤ የኮምፒውተር ክፍላችን ግማሹ ሬሳ ነው። ቢያንስ ይቺ ትሥራልኝ።

አባዬ ሲያልፉ ቆም ብለው አዩኝ። ያቺ መደመሪያ ምን በደለችሽ አሉ።

ጥር 4፣ እሑድ። ከሰዓት

ተነሣች። ተነሣች። ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ጽሑፍ እየተንቆረቆረ ይወርዳል፣ ጥግ ላይ የሊኑክስ ምልክት የሆነችው ፔንግዊን። አባዬን ጠራሁ። ይቺ ዳክዬ ምንድን ናት አሉ።

ለዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ ፎቶ ላክሁ። አድናቆቱ ዘነበ። ደስታዬን ልደብቅሽ አልችልም። ፊደላችንን አታሳይም፣ ካጠፏት ሰዓቷን ትረሳለች፤ ሌላ እንከን የላትም።

አሁን ሥራ ያስፈልጋታል። ዝም ብላ ብልጭ ድርግም ማለት አይበቃትም።

ጥር 10፣ ቅዳሜ። ግራና

ሥራ አገኘሁላት። አባዬ የውሃ አባት ናቸው። ቦዩን ማን መቼ እንደሚከፍት በቃላቸው ይዘው ለመንደሩ የሚያከፋፍሉት እሳቸው ናቸው። ተራውን በማሽኗ ልያዝልዎት አልኳቸው። ለምን አላሉም። ልጃቸው ነኝ፣ ተምሬያለሁ፣ ደስ ብሏቸዋል።

እሳቸው እየነገሩኝ እኔ አስገባሁ። ለሰኞ አጥቢያ እገሌ፣ ለረቡዕ አጥቢያ እገሌ። ፊደል ስለማታሳይ ለሁሉም ቁጥር ሰጠሁ። እማማ ዘሐራ፣ ጎረቤታችን፣ የጁምዓ ሌሊት፣ ቁጥር ሰባት። ሲሰሙ ቅር አላቸው። ስም አለኝ አሉ።

አንድ ብልጠትም ጨመርኩ። ባለቤት የሌለው ተራ ከመጣ ውሃው ከቦዩ ራስ ላለው ማሳ ይለቀቅ። ከቦዩ ራስ ያለው የእኛ ነው፤ ያኔ አላሰብኩትም። ተራ የሚለዋወጥ ሰውም ከእንግዲህ ለእኔ ደውሎ ይንገረኝ ተባለ።

እውነቱን ለአንቺ ብቻ፤ ስልክ ይበቃ ነበር። አንድ ማስታወሻ፣ አንድ ደወል። ስልክ ላይ ቢሆን ግን ማን ያደንቀኛል?

ጥር 16፣ ዓርብ። መርሳ። በእረፍት ሰዓት

አባዬ ደወሉ። እማማ ዘሐራ በራችን ላይ ቆመዋል። ትናንት ማታ የእኔ ተራ ነበር፣ ውሃው ወደ እናንተ ገባ ይላሉ። ማሽኗ ግን ሰባትን የምትለው ዛሬ ማታ ነው። ተለዋውጠው ለአንቺ ነግረውሽ ነው ወይ አሉኝ።

የነገረኝ ሰው የለም። መምህራኑ ዙሪያዬን ከበው የካልኩሌተሯን ፎቶ እያዩ ነበር። እማማ ዘሐራ ተምታቶባቸው ይሆናል፣ ማሽን አይሳሳትም አልኳቸው። እሺ ብለው ዘጉ።

የሳምንቱን መጨረሻ ወልድያ ነኝ። የድሮ የክፍል ጓደኞቼ ስለ ካልኩሌተሯ አጫውቺን ብለዋል።

ጥር 24፣ ቅዳሜ። ግራና

የእማማ ዘሐራ ሽንኩርት ሞቷል። ገና የተተከለ ችግኝ ነበር። መሬት ላይ ተኝቷል፣ ጫፉ እንደ ጭድ። የእኛ ማሳ አጠገቡ ለምለም ነው። አፍሬ በጓሮ በኩል ገባሁ።

አባዬ ነገሩኝ። ያን ዓርብ ማታ፣ ማሽኗ ባለችው ሰዓት፣ እማማ ዘሐራ ዶማቸውን ይዘው ወርደዋል። ቦዩ ደረቅ። ያ ሌሊት ከጥንትም ውሃው ለታች ሰፈር የሚሄድበት ነው። አባዬ ይህን ሳያውቁት ቀርተው አይደለም፤ ልጄ አስተካክላው ይሆናል ብለው ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ውሃው እንደገና ወደ እኛ ገባ። እማማ ዘሐራ ተቀይመው ሊጠይቁም አልመጡ። አባዬ ሰው ፊት ማሽን አይሳሳትም ብለዋቸዋላ። የእኔን ቃል፣ እንዳለ።

የውሃ አባቱ ለራሱ ማሳ አደላ ይባላል። ገበያ ላይ ሰላምታ ቀንሷል። አባዬ ከመደባችን የተረፈ ችግኝ ላኩላቸው። እማማ ዘሐራ መለሱት።

ጥር 25፣ እሑድ። ጠዋት

ሰዓቷን ጠረጠርኩ። ልክ ናት። ባትሪውን ጠረጠርኩ። ልክ ነው። ራሴን ግን መጨረሻ ላይ ነው የጠረጠርኩት።

አንድ መስመር ናት። ሰባት፣ ዓርብ፣ ማታ 12 ሰዓት።

የጁምዓ ሌሊት ማለት ሐሙስ ማታ ነው። ሐሙስ ፀሐይ ስትጠልቅ ይገባል፣ ዓርብ ሲነጋ ያልቃል። ይህን ማን ይነግረኛል? ሐሙስ ማታ በነቢዩ ላይ ሰለዋት ሲባል እየሰማሁ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ሌላውን ሁሉ «አጥቢያ» ብለው ስለነገሩኝ አልሳትኩም። ይቺን አንዷን ግን፣ ጣቴ ኪቦርዱ ላይ ሲያርፍ፣ ፍራይደይ ናይት ብዬ አሰብኩ። በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ። ሐሙስ ባዶ ሆነ፣ ባዶውን ያቺ ብልጠቴ ለእኛ ሰጠች።

አባዬ ፊት ተንበርክኬ ነገርኳቸው። የዓርቡ የመንደር ስብሰባ ላይ እስክናገር ለማንም አትተንፍሺ አሉኝ። የሚያስረዱልኝ መስሎኝ እፎይ አልኩ። እፎይታዬ ራሱ ያሳፍራል።

ጥር 30፣ ዓርብ። ማታ

ከሶላት በኋላ ቦዩ ራስ ተሰበሰቡ። ከትምህርት ቤት ፈቃድ ጠይቄ መጥቻለሁ። ሴቶቹ ጋ፣ ከእማማ ዘሐራ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። አባዬ ተነሡ።

«ማሽኗ ልክ ናት። ልጄም ልክ ናት። እኔ ነኝ አሳስቼ ያስጻፍኳት። ረሳሁ። ዕድሜ ነው።»

አፌን ከፈትኩ። አባዬ አንድ ጊዜ አዩኝ። ዘጋሁት። ከተሰበሰቡት ወንዶች ብዙዎቹ የተማሪዎቼ አባቶች ናቸው፣ ይህንንም አሰብኩ። እዋሽሻለሁ እንዴ? ከአባዬ ዓይን ይልቅ ይህ ነው ያስቀመጠኝ።

የተቆጣ ሰው የለም። አይዞህ ሰይድ፣ ሁላችንም እያረጀን ነው አሏቸው። ምነው ቁጣ በሆነ። እማማ ዘሐራ ብቻ አባዬን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያዩት።

የካቲት 2፣ እሑድ

ሰው አባዬን ጮክ ብሎ ማነጋገር ጀምሯል። ጆሯቸው ሹክሹክታ ይሰማል፣ ግን ሁሉም ቃሉን ይደግምላቸዋል። ዛሬ አንዱ እንደ ሕፃን እጃቸውን ይዞ ቦዩን አሻገራቸው። በልጅነቴ እኔን በትከሻቸው ያሻገሩኝ ቦይ ነው። አባዬ አመሰገኑት። ወደ ቤት ገብቼ አለቀስኩ።

ከሰዓት ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። ተመካክረዋል። ሰይድ ይረፍ፣ ብዙ ደክሞልናል። ከእንግዲህ ተራውን ማሽኗ ትያዝልን፣ መምህርት ትቆጣጠራት። ዳክዬዋን ለማየትም ጠየቁ። አየሽ ደብተር፣ ያሳሳተችው ልትሾም፣ ያልተሳሳቱት ሊሻሩ። አባዬ አንገታቸውን ነቀነቁ፣ እሺ በይ አሉኝ። ለዓርብ መልስ እሰጣለሁ አልኩ።

የካቲት 6፣ ሐሙስ። ወደ ማታ። ግራና

ከመርሳ የመጨረሻውን ባጃጅ ይዤ ደረስኩ። እናገራለሁ አልኳቸው። ነገ፣ ሁሉም ባለበት። እኔ ነኝ እላለሁ።

አባዬ ሙስበሐቸውን እየቆጠሩ ነበር። አልተቆጡም። መርሳ ላይ ስምሽ ገና እየበቀለ ነው፣ መምህርቷ ተሳሳተች ከሚሉ ሽማግሌው ተሳሳተ ቢሉ ይቀላል አሉ። ለእርስዎ አይቀልም አልኳቸው። ከዚያ አቆሙና ቀጥ ብለው አዩኝ።

«ቃሌን ሰጥቻለሁ። ከተናገርሽ ሰይድ ዋሾ ነው ይባላል። ዝም ካልሽ ሰይድ ጃጀ ይባላል። የቱን ትመርጪልኛለሽ?»

ውጭ ውሃው እየተለቀቀ ነው። የጁምዓ ሌሊት ገባ። አባዬ ዛሬ ማሽኗን ሳያዩ ነው የከፈቱት፣ ወደ እማማ ዘሐራ ማሳ። የሚጠጣው ግን የለም፣ ማሳው ባዶ ነው።

የካቲት 7፣ ዓርብ። ረፋድ

አልተኛሁም። ያቺን ካልኩሌተር ባልገዛት፤ ገዝቼም መጫወቻ ባደርጋት፤ ያን ቀን በስልክ፣ አንዴ ቆይ አባዬ፣ ልየው ብል። አንድ ደቂቃ ነበር የጠየቁኝ።

መረጥኩ። ዋሾ።

ለልጁ ብሎ የዋሸን አባት ሰው ይታዘበዋል፣ ይስቅበታል፣ ውሎ አድሮ ይረዳዋል። ጃጀ የተባለን ሰው ግን ከእንግዲህ ሲናገር የሚሰማው የለም። አባዬ እንዲሰሙ እፈልጋለሁ። እኔ የፈለጉትን ይበሉኝ። ተማሪዎቼም ይስሙ።

መጀመሪያ እማማ ዘሐራ ቤት፣ ብቻዬን። ይቅር ባይሉኝም። ከዚያ ቦዩ ራስ።

ነጠላዬን ስለብስ አባዬ ውዱእ አድርገው ጨረሱ። የመረጥኩትን ነገርኳቸው። ጫማቸውን አደረጉ፣ ከዘራቸውን አነሡ። መስጊድ ገና ነው፣ ሰዓቱ አልደረሰም አልኳቸው።

መስጊድ ማን አለ አሉ። ዘሐራ ቤት ብቻሽን አትገቢም።

በሩ ላይ ቆመው እየጠበቁኝ ነው።