በአባቴ እጅ ላይ የተጻፈው የጎሚኒ ጥፋት

ለተከበሩ የመንጃ ፈቃድ ፈተናና እድሳት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎና ወንበርዎ የተደገፈበት ግድግዳ ሳይቀር በሙሉ ጤንነት እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። ጤና ከሁሉ ይበልጣል፤ በተለይ ጤነኛ ሰው በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ድኩም በሚባልበት ጊዜ።

ከሁሉ በፊት ግን፣ የዚህ ጋዜጣ ዓምድ አንባቢዎቼም ጉዴን ይስሙትና፣ የሚያሳፍረኝን ነገር ልናዘዝ። መርማሪዎ የአባቴን መንጃ ፈቃድ ይዞ "አይታደስም" ያለ ዕለት፣ እኔ የበኩር ልጃቸው እጁን በሁለት እጄ ጨብጬ "እግዜር ይስጥልኝ፣ እኛ መንዳቱን እንዲተዉ ልንነግራቸው ፈርተን ነበር" ብዬዋለሁ። አባቴ አጠገቤ ቆመው ነበር። ሰምተዋል።

አባቴ ሠላሳ ስምንት ዓመት የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው አንድ ብቻ ነው፤ ጉልበታቸው አልታዘዝ ያላቸውን እናቴን በሳምንት ሁለት ቀን በአሮጌዋ መኪናችን ሕክምና ማመላለስ። እናቴም ሌላ ሰው ሲነዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሄዱት። ጽሕፈት ቤትዎ ቁጥር ስለሚወድ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. መርማሪዎ በእኛዋ አሮጌ መኪና ዳገቱ ላይ "ሦስተኛ አስገባ!" ሲላቸው (አንተ ማለቱን ትተነዋል፣ የቢሮ ሰው አይደል) ማርሹ አልገባም። ዘንጉ ሾርባ ውስጥ እንደገባ ማንኪያ ይዋልል ጀመር፤ አንዴ አንደኛ፣ አንዴ አምስተኛ ሲገባ መኪናዋ ተንዘፍዝፋ ጠፋች። መርማሪዎም ከወንበሩ ሳይነሳ፣ ኮፈን ሳያስከፍት፣ ዘንጉን በጣቱ እንኳ ሳይነካ "አሽከርካሪው በዕድሜ ምክንያት ማርሽ መለየት አይችልም" ብሎ ጻፈ። እንዲህ ያለ ፍጥነት በየመሥሪያ ቤቱ ቢኖር የት በደረስን! ስለ ቅልጥፍናው ከልብ አመሰግናለሁ።

፪. ከዚያ ቀን ጀምሮ መሪውን እኔ ያዝኩ። አባቴ በገዛ መኪናቸው የጎን ወንበር ላይ ሆነው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ያሳርፋሉ፤ እኔ ማርሽ በቀየርኩ ቁጥር ግራ እግራቸው የሌለ ፍሪሲዮን ይረግጣል። ሦስት ቀን አየሁት። ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ማየቱን ተውኩት።

፫. በሁለተኛው ሳምንት ሦስተኛ ማርሽ እኔንም እምቢ አለኝ። ክቡር ሆይ፣ እዚህች ላይ ቀስ ብለው ያንብቡልኝ። እኔ ማርሹ ሲጠፋብኝ አፌ ላይ የመጣው "ይቺ መኪና ምን ነካት?" የሚል ነው። እሳቸው ሲጠፋባቸው ግን ቤተሰቡ በሙሉ ያለው "አባባን ምን ነካቸው?" ነበር። አባቴ ሳቅ ሳይሉ፣ ወደ መንገዱ እያዩ፣ "አንቺም አረጀሽ እንዴ ልጄ?" አሉኝ። እሷ ቃል በቅታኛለች።

ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን ውስጥ ኮፈኑን ከፈትን። ባትሪውንና የአየር ማጣሪያውን ሳጥን አንስተን ብናይ፣ ከማርሹ ዘንግ ተነስቶ ካምቢዮው ላይ የሚደርሰው ገመድ ጫፉ ላይ፣ መካኒኮች ጎሚኒ የሚሏት፣ የካፖርት ቁልፍ የምታክል የላስቲክ ቀለበት አለች። ገመዱን አጥብቃ የምትይዘው እሷ ናት። የእኛዋ እንደ ደረቀ ብስኩት ተፈርፍራ አልቃ፣ ገመዱ ባዶ ቀዳዳ ውስጥ ይንገላታል። መለዋወጫ ሻጮች "ብቻዋን አትሸጥም፣ ከነገመዷ ነው" ብለው ቢመልሱንም ሦስተኛው ሱቅ ውስጥ ተገኘች። አባቴ የፈላ ውሃ በሻይ ብርጭቆ አስመጥተው ነከሯት። ለስለስ ስትል እኔ ፒንሳ ይዤ ብጠጋ "ዞር በይ፣ ታበላሺብኛለሽ" አሉና በአውራ ጣታቸው ብቻ ተጭነው ቀጭ አደረጓት። ደክሟል የተባለው እጅ እሱ ነው፤ እኔማ ቀደም ብዬ በሁለት እጄ ሞክሬ አቅቶኝ ነበር። ሞተር አስነስተን ስንሞክር ሦስተኛ ማርሽ ራሷ ፈልጋ እንደ መጣች ገባች። እናቴም በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው "እኔስ ድሮም የጠረጠርኩት መኪናዋን ነበር" አሉ። ዋሽተዋል፤ ግን ማን ደፍሮ ይናገራቸዋል?

፬. ሰኞ መስኮትዎ ላይ ቀረብን። ያለቀችውን ጎሚኒ በሶፍት ጠቅልለን ማስረጃ ብለን ብንሰጥ፣ ጸሐፊዎ በእስክሪብቶ ጫፍ ገለጥ አድርጋ አይታ "ማህተም የለውም" አለችን። ቀጥላም ለልጅ እንደሚያስረዳ ሰው ረጋ ብላ፣ "ወረቀቱ የሚያወራው ስለ ሰውየው ነው፤ መኪናው ተጠገነ ማለት ሰውየው ተጠገነ ማለት አይደለም፤ ከዓመት በኋላ ይምጡ" አለች። አባቴ ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። "እሺ ልጄ" ብለው ወጡ። አባቴ ሲቆጡ አውቃለሁ፣ ሲያሾፉ አውቃለሁ፤ እንደዚያ አድርገው "እሺ" ሲሉ ግን ሰምቼ አላውቅም።

ክቡርነትዎ፣ የምንለምነው ይቅርታ አይደለም፤ ይቅርታ የሚሞላበት ቅጽ እንደሌላችሁ ተነግሮናል። የምንለምነው አሥር ደቂቃ፣ ያንኑ ዳገትና ያንኑ መርማሪ ነው።

ትዕግሥትዎ እንዲበዛ፣ ማህተምዎ እንዳይደርቅ፣ እርስዎም አንድ ቀን አርጅተው በሌላ ሰው ብዕር እንዳይመዘኑ ከልብ እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና ከእሱ በማያንስ ንዴት እሰናበታለሁ።

የሹፌሩ ልጅ

ከፊርማ በኋላ፦ ሰኞ ስንወጣ አባቴ፣ መኪና የሌላቸው ተፈታኞች የሚፈተኑባትን የጽሕፈት ቤትዎን ነጭ መኪና ግቢው ውስጥ ቆማ አይዋት፤ ከእኛዋ ጋር አንድ ዓይነት ናት። በክፍት መስኮቷ እጃቸውን ሰደድ አድርገው ዘንጉን ቢነቀንቁት ማርሽ ውስጥ እንዳለ ግራ ቀኝ ተወዛወዘ። "ይቺም ያው ናት" አሉ። ሦስተኛው ሱቅ ጎሚኒ የሚሸጠው ጥንድ ጥንድ አድርጎ ስለሆነ አንዷ ተርፋናለች፤ ማክሰኞ ጠዋት አባቴ በፔርሙዝ ሙቅ ውሃ ይዘው በነጻ ሊገጥሙልዎ ይመጣሉ። ዘበኛዎ ቢያስገባቸውም፣ ከበር ቢመልሳቸውም፣ የሆነውን አንድ ሳላስቀር በዚሁ ገጽ እጽፈዋለሁ። በዚያች መኪና ተፈትነው "ማርሽ መለየት አይችሉም" የተባሉትን ሰዎች ስም ግን እኔ አላውቀውም፤ እሱን መጻፍ የሚችሉት እርስዎ ነዎት።