ሚልካን ከዱላ ቅብብሉ ያስወጣት ማነው?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 5፣ ማታ
ከሥራ ገብቼ ጫማ ሳላወልቅ ስልክ። እህቴ ጽጌ፣ ከሰፈሯ ከቦርንሃይም። ልጇ ሚልካ ከዱላ ቅብብል ቡድኑ ወጣች። ልጅቷ እያለቀሰች ነው።

ደብተሬ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃችን የምትማረው በግል ት/ቤት። ትንሽ ነው፣ ጥሩ ነው፣ የሩጫ ቡድን ግን የለውም። ስለዚህ ክረምቱን ሙሉ በሰፈሩ የመንግሥት ት/ቤት ስትለማመድ ከረመች። ነይ ያላትም የዚያው ት/ቤት ስፖርት መምህር፣ ጀርመናዊው ሄር ክሩገር ራሱ ነው። የከተማው የት/ቤቶች ውድድር ሲደርስ፣ የኛ ተማሪ አይደለሽም ተባለች። እስከ ዛሬ የማን ተማሪ ነበረች? አንድ ሰው ነግሮባታል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 7
ሄጄ አየኋት። የሩጫ ጫማዋን እንዳደረገች አልጋ ላይ ተጋድማለች። እግርሽን ያወረስኩሽ እኔ ነኝ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ትራም ሳባርር ነው የኖርኩት አልኳት። አልሳቀችም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ በጀርመንኛ፣ የመጨረሻውን ዙር አሁን ሩት ትሮጣለች አለች።

ሩት የወ/ሮ አልማዝ ልጅ ናት፣ የቤ/ክ ሰዎቻችን። እዚያው የመንግሥት ት/ቤት ትማራለች። እስካሁን ተጠባባቂ ነበረች። ታዲያ ማን ተጠቀመ? ይህን እዚያው ሚልካ ፊት ተናገርኩ። ልጅቷ ቀና አለች። ጽጌ ተነስታ ዕቃ ማጠብ ያዘች። የታጠበ ዕቃ።

እሑድ፣ ግንቦት 10፣ ከሰዓት በኋላ
ከቅዳሴ በኋላ ወ/ሮ አልማዝን ወጋ አደረግኳት። ሩት ሰሞኑን ፈጣን ሆናለች አሉ፣ ምን እየመገብሻት ነው አልኩ። ሳቀች። እግዚአብሔር ይመስገን አለች። በጣም ቀለላት። አላመንኳትም።

ሩት ልትስማት ስትጠጋ ሚልካ አልፋት ሄደች። ልጅቷ ጉንጯን እንዳቀረበች ቀረች። ያ ደስ አላለኝም።

ጡረታ የወጡትን መሐንዲስ ጋሽ መኮንንን አማከርኩ። ወደ መምህሩ ሽማግሌ እንላክ አልኩ። "ጀርመን ሽማግሌ ይቀበላል እንዴ?" አሉኝ። ሞክረን እንየው አልኩ። ዓይናቸው በራ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 13፣ ማታ
ሄድን። ጋሽ መኮንን በከረባት፣ ጓደኛቸው አቶ ታደሰ ኬክ ይዘው፣ እኔ በሠርጌ ሱፍ። ቀጠሮ፣ ቴርሚን የሚሉት፣ የለንም። ሄር ክሩገር ቁጭ በሉ አለ። ጋሽ መኮንን ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ወግ ነው። እንደገና ለመነን። እንደገና እምቢ። ሦስት ሱፍ የለበሱ ሰዎች በሩ ላይ ተገትረዋል። ሰውዬው ቀላ፣ ስልክ አነሳ፣ ዳይሬክተሯ ሌላ ወንድ አስከትላ መጣች። እኔም በበኩሌ፣ ለምን ሰው አበዙ ብዬ ጠረጠርኩ።

ኬኩ ሲከፈት ሁሉም ተነፈሰ። ተቀመጥን።

ክሩገር በእንግድነት የምትለማመድ ልጅ መወዳደርም ትችላለች ብሎ አስቦ ነበር። ስህተቱ የራሱ ነው አለ። ደንቡ ግን ለት/ቤቱ የሚሮጠው እዚያ የተመዘገበ ተማሪ ብቻ ነው ይላል። ከነሱ ጋር ለመሮጥ ት/ቤት መቀየር አለባት። አለበለዚያ ፌራይን ትግባ፣ የስፖርት ክበቡ የት ትማሪያለሽ አይልም።

ደንቡን ማን አስታወሳችሁ አልኩ። እናትየው ደውላ፣ ውድድር ላይ ብትወድቅ ኢንሹራንሱ የማን ነው ብላ ጠየቀች አለ ክሩገር። ቢሮው የሚልካን ስም ከመዝገቡ ፈለገ፣ የለም።

የሩት እናት? አልኩ።

የለም፣ የሚልካ እናት።

ትራም ውስጥ ጋሽ መኮንን እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። ስለ ኢንሹራንስ መጠየቅ እዚህ አገር ወግ ነው። ግን ያ የታጠበ ዕቃ።

ዓርብ፣ ግንቦት 15
ጽጌን ጠየቅኳት። ኢንሹራንስ ብቻ ነው አለች። ዝም ብዬ አየኋት። እኔ ዝም ስል ትፈራለች፣ ከልጅነቷ ጀምሮ።

እውነቱ ወጣ። ካሸነፈች የመንግሥቱ ት/ቤት ልግባ ትላለች ብላ ፈርታ ኖሯል። ሚልካ በፊት ትልቅ ት/ቤት እያለች ክፍል ውስጥ አፏን አትከፍትም ነበር። መናገር የጀመረችው እዚህ ትንሹ ከገባች ወዲህ ነው። ይህን አውቃለሁ፣ አይቻለሁ። የፈራችው በከንቱ አይደለም።

"አትንገራት" አለችኝ። "እኔን ትጠላኛለች። አልማዝ ምን ትሆናለች? ነገ ይረሳል።"

አልማዝን የጠቆምኩት እኔ፣ ጽጌ ደግሞ ዝም ብላ አጸደቀችው። ጥሩ ቡድን ወጥቶናል።

እሑድ፣ ግንቦት 17፣ ጠዋት
ከሚልካ መልእክት። አጎቴ፣ ዛሬ ከነሩት ራቅ ብለን መቀመጥ እንችላለን?

ሦስቴ አነበብኩት። ለጽጌ ደወልኩ። ቤ/ክ ሳንሄድ ትነግሪያታለሽ አልኩ። ዘጋችብኝ። ልብሴን ለባበስኩ። ስልኩ ጮኸ።

"ብቻዬን አልችልም። ና።"

እየወጣሁ ነው። ጽጌ ካልጀመረች እኔ እጀምራለሁ። ወ/ሮ አልማዝ ዘንድ ከዚያ በኋላ እሄዳለሁ፣ ያለ ሽማግሌ። ልጅቷ ሁሉንም ሰምታ፣ ታዲያ ት/ቤት ልቀይር ካለች ግን፣ ጽጌን ምን እንደምላት ትራም ውስጥ አስባለሁ።