ለግራፊክስ ካርዴ አዲስ ዋጋ ላወጡላት ኃላፊ

ለተከበሩ የጉምሩክ የዋጋ ትመና ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ቀረጡ ከፍ ከፍ፣ ሐሳብዎም እንደ እኔ ገቢ ዝቅ ዝቅ እንዲል ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከባለቤቴ ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል የሰርግ ፊልም እያዘጋጀሁ የምተዳደር፣ የሰውን ደስታ ስቆርጥና ስቀጥል የምውል ዜጋ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ ቢሮዎ ድረስ መምጣት ከብዶኝ አይደለም። እንዲያውም ከመመላለሴ ብዛት ጥበቃው «ዛሬም መጣህ ወንድሜ?» እያለ የራሱን ወንበር እስኪለቅልኝ ድረስ ቤተኛ ሆኛለሁ። ምስጋናዬ ግን በወረፋ የሚያልቅ ስላልሆነ በጽሑፍ ማቅረቡን መረጥኩ።

አንደኛ፣ ስላስተማሩኝ ጂኦግራፊ አመሰግናለሁ። የሰርጉ ወቅት በተጋጋለበት ሰሞን የኮምፒውተሬ ግራፊክስ ካርድ፣ ማለትም ምስሉን የሚያንቀሳቅሰው ክፍል፣ ተቃጥሎ ሙሽሮቹ ሁሉ አንድ እግራቸውን እንዳነሱ ስክሪኑ ላይ ደርቀው ቀሩ። የከተማችን ነጋዴ የካርዷን ዋጋ ሲነግረኝ እኔም እንደ ሙሽሮቹ ደረቅኩ። ባለቤቴ ግን «ዘመድ በየአገሩ የተበተነው ለመቼ ነው?» ብላ ስልኳን አነሳች። ውቅያኖስ ማዶ ያለችው እህቴ የነገረችን ዋጋ የእኛን ግማሽ ነበር፤ መርከበኛው የባለቤቴ አጎት ከየወደቡ እየጠየቀ የላከልን ደግሞ ከዚያም ያነሰ። በአውቶቡስ አንድ ቀን በሚያስኬደው ጎረቤት አገር፣ ከዚያው ፋብሪካ የወጣችው፣ በዚያው ካርቶን የታሸገችው ያቺው ካርድ፣ የእኛን ሲሶ ብቻ ትጠይቃለች። ለፋብሪካው ከእህቴ ይልቅ የምንቀርበው እኛ ነን። ዕቃው በቀረበን መጠን ዋጋው ለምን እንደሚርቀን ግራ ቢገባኝ፣ አውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥርጣሬዎ ጥራት። ካርዷን ገዝቼ ስመለስ የክፍልዎ ባለሙያ ደረሰኜን በመስኮቱ ብርሃን አገላብጠው አዩና «ይህ ዋጋ እውነት ሊሆን አይችልም፤ እኛ አገር በዚህ አይሸጥም» አሉኝ። «እሱማ ነው ያስኬደኝ» ብላቸው ፈገግ ያሉ መሰለኝ፤ ተሳስቼ ነው። ካርዷ በከተማችን ነጋዴ ዋጋ ተተመነች፤ ቀረጡም በዚያ ላይ ታሰበ። መንገዱ ሲጨመርበት ከነጋዴው ሱቅ ይልቅ እኔ ጋ ልትወደድ ሆነ። ነጋዴውን ሄጄ ለምን እንዳስወደዳት ብጠይቀው «ጉምሩክ ነዋ!» አለኝ። እርስዎ የእሱን ዋጋ አይተው ይተምናሉ፣ እሱ የእርስዎን ትመና አይቶ ይጨምራል። እንዲህ የሚተያዩና የሚደማመጡ ጥንዶች በሰርግ ሥራዬ እንኳ አጋጥመውኝ አያውቁም።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ትንሽ ይረዝማል፤ የቤተሰብ ነገር ነውና።

ቀረጡን መክፈል አቅቶኝ ካርዷ መጋዘንዎ ውስጥ አቧራ ለብሳ ስትቀመጥ፣ ስክሪኔ ላይ ደርቀው ከቀሩት ሙሽሮች መካከል አንዷ የእርስዎ ልጅ ነበረች። በሰርጓ ቀን ካሜራውን ይዤ ስከተላችሁ የዋልኩት እኔ ነኝ፤ ከካሜራ ጀርባ ያለን ሰው ፊት ማን ያያል? ክብርት ባለቤትዎ በየማለዳው እየደወሉ «ልጄ፣ ፊልሙ የት ደረሰ?» ሲሉኝ «ጉምሩክ ደርሷል እማማ» እላቸዋለሁ፤ ቀልድ መስሏቸው ከት ብለው ይስቃሉ።

ባለቤቴ «ለአባትየው ንገራቸውና ካርዷን ዛሬውኑ ያስለቅቁልህ» አለችኝ። ልቤ አልተፈተነም ብል ውሸት ነው። ነገር ግን አብሮኝ ወረፋ የሚጠብቅ አንድ አናጢ አለ፤ ማየት ለተሳናት ልጁ ጽሑፍ የሚያነብላት ኮምፒውተር ከውጭ አስመጥቶ፣ እንደ እኔው ደረሰኙ አልታመነለትም። እሱ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ እያየኝ እኔ ካርዴን አንጠልጥዬ መውጣቱ ከበደኝ። ለሙሽሪት ግን እውነቱን ነገርኳት። መጀመሪያ ተቆጣች፤ ቀጥሎ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ በመጨረሻም «ካርዷ ወደ ፊልሙ ካልመጣች ፊልሙ ወደ ካርዷ አገር ይሂዳ!» አለች።

ሄድን። እርስዎ ልጅዎና አማችዎ ለሽርሽር የሄዱ መስሎዎት ነበር፤ የሄዱት ከእኔ ጋር፣ ዲስክ ታቅፈው፣ ካርዷን ወደሸጠልኝ ሱቅ ነው። ባለሱቁ ለማሳያ ያቆመውን ትልቁን ኮምፒውተር ለቀቀልን። ቋንቋችንን የማያውቅ ገበያተኛ ከኋላችን ቆሞ ልጅዎ ቀለበት ስታጠልቅ አጨበጨበ፤ አንዲት ባትሪ ልትገዛ የመጣች ሴት አልቅሳ ባትሪውን ሳትገዛ ሄደች። ስንመለስ የድንበሩ ፈታሽ «ዲስኩ ውስጥ ምን አለ?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ሙሽሪት «አባቴ ሲጨፍር» አለችው። ያለ ምንም ቀረጥ አሳለፈን።

ስለዚህ ፊልሙ አልቋል፤ ክብርት ባለቤትዎም አይተው መርቀውኛል። ለራሴ የምለምነው ነገር ትንሽ ነው፤ በረጅሙ አግዳሚ ላይ በቀኝ በኩል የሚቀመጠውን አናጢ ደረሰኝ አንድ ጊዜ በራስዎ ዓይን ይዩለት። የእኔ ተራ ከእሱ ቀጥሎ ነው።

ዘወትር በትዕግሥት ከመስኮትዎ በታች ቆሜ የምገኝ፣ ለክፍልዎ ልዕልና የማልተኛ፣ ዋጋዬን እስካሁን ያልተመናችሁብኝ ትሑት አገልጋይዎ፣
የሰርግ ፊልም ሠሪው።

ማስታወሻ፦ ልጅዎን ሲመርቁ «የትም አገር ብትሄጂ ዋጋሽ አይለዋወጥ» ያሉበትን ቦታ አንድም ቃል ሳልቆርጥ ትቼዋለሁ። ሱቁ ውስጥ ያን ስናይ ሦስታችንም አሜን ብለናል። ባለሱቁም ምን እንዳሉ ሲተረጎምለት ካርቶን የተደረደረበትን መደርደሪያውን ቀና ብሎ አየና፣ «አባትየው ሥራቸው ምንድን ነው?» ሲል ጠየቀን።