ጎቲቲ ላይ አልገባ ያለው ዘንግ

አባዬ፣

መርዶ በጎህ ነው የሚነገረው፤ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የሚረዳው ሰው ቁጭ እንዲል ተደርጎ። አንተን ማን ቁጭ እንደሚያደርግልኝ ስላላወቅሁ እንደተኛህ ስማኝ። ከባድ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ልጅህ በዚህ ሳምንት ባንኮ ጎቲቲ ቀበሌ፣ ቡና ማጠቢያው ላይ፣ ያ ሁሉ ገበሬ እያየ፣ ስምህን ለሁለተኛ ጊዜ ሊቀብረው ነበር።

ከሄድክ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። እስካሁን አለመጻፌን አስረኛ ክፍል ላይ የወደቀ ሰው ምን ብሎ ይጽፋል ብለህ እለፈኝ። መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። እማዬ ደህና ናት። ሬዲዮህ የነበረበት ጠረጴዛ ላይ አሁን ኮምፒውተሬ ተቀምጧል፤ ከአጠገቡ ስነሳ ጠብቃ ዳንቴል ታለብሰዋለች። ጠዋት ጠዋት እንደ ሙሽራ ገልጬው ነው ሥራ የምጀምረው። ቶርኖህን፣ ያን የብረት መቁረጫ ማሽን፣ አብሮህ ሲሠራ የኖረው ጋሽ ሽብሩ ይዞታል፤ እንደ አንተው ብረቱን እየተሳደበ ይቆርጥበታል። የሰለቸው ነገር ቢኖር ሰላም ነው። እኔ ከወጣሁ ወዲህ የበሩ እጀታ ላይ ግራሶ የሚቀባበት፣ ኮፍያውን የብረት መያዣው ሞርሳ ውስጥ አጥብቆ የሚያስርበት የለም።

ከቀብርህ በኋላ የማሽን ዕቃ በኮምፒውተር መሳል የሚያስተምሩበት አጭር ስልጠና ገባሁ። አንተ ዘንድ ብረት ሳገላብጥ ስላደግሁ ስዕሉ አላስቸገረኝም፤ ያስቸገረኝ ወንበር ላይ መቀመጡ ነው። አሁን ሐዋሳ ላለ አንድ ድርጅት እሠራለሁ፣ ለሙከራ። እኔ እዚህ ዲላ ሆኜ እስላለሁ፣ ስዕሉን በኢንተርኔት እልካለሁ፣ እዚያ ያለው ቶርኖ በኮምፒውተር እየታዘዘ ራሱ ይቆርጠዋል። የሰው እጅ አይነካውም። እማዬ ይህን ለቸርች ሰው ሁሉ አውርታለች፤ ስለዚህ ብባረር የምባረረው መዘምራኑ ሳይቀሩ እያወቁ ነው።

ለማንም ያልነገርኩት ግን አለ። እፈራለሁ አባዬ። ቶርኖ ላይ ስሳሳት ብረቱ ይጮሃል፤ አንተም ውጭ ሆነህ ሰምተህ "ኧረ አንተ ገልቱ፣ ገደልከው" ትለኛለህ፣ እኔም አቆማለሁ። ኮምፒውተር አይጮህም። ልክ ብትጽፍለትም ዝም፣ ብትሳሳትም ዝም። "ላክ" የሚለውን በነካሁ ቁጥር ያንተን ጩኸት ጆሮዬን አቁሜ እጠብቃለሁ።

ታዲያ ጎቲቲ ባለው የቡና ማጠቢያ፣ የቀይ ቡናውን ቆዳ የሚገፈው መፈልፈያ ዘንጉ ተሰበረ። ኃላፊው ጋሽ ደስታ ነው፣ አንተ ዘንድ ሲመላለስ የኖረው። ለእኛ ድርጅት አዘዘ። ሄጄ ለካሁ፣ ተመልሼ ሳልኩ፣ ላክሁ። ዘንጉ እንደ መስታወት እያብለጨለጨ በሚኒባስ መጣልኝ። ከይርጋጨፌ ወዲያ በሞተር ሳይክል፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፌው ወጣሁ።

ስደርስ ግቢው ሞልቷል። ጋሽ ደስታ ዘንጉ ይመጣል ብሎ ከጠዋት ጀምሮ ቡና ሲቀበል ነበር። ቀይ ቡና ደግሞ ታውቀዋለህ፤ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ይኮመጥጣል፣ የገበሬው ልፋት እዚያው ይቀራል። ክምሩን እያየሁ ዘንጉን አወረድኩ። ዘንጉን ኩሽኔታው፣ የሚሽከረከርበት ቀለበት ውስጥ ላስገባ ስል አፉ ላይ ቆመ። ገፋሁት። ቆመ። ዘይት ቀብቼ ገፋሁት። ቆመ።

"አይገባም" ብል ማንም አላመነኝም፤ የለመድኩት ቀልድ መሰላቸው። ጋሽ ደስታ "በል በል፣ እውነተኛውን አውጣው" ብሎ የት እንደደበቅሁት ሊያይ ሞተሩን ሁለት ጊዜ ዞረው። ቡናቸው ክምሩ ውስጥ የገባባቸው እማማ አስቴር የሚባሉ አሮጊት ደግሞ "ይሄ ልጅ አባቱን ከዕድሜያቸው ቀንሶባቸዋል፣ አሁን ደግሞ ቡናዬን ሊቀንስ መጣ" እያሉ ሰዉን ያስቃሉ። እኔ አልሳቅሁም። አለመሳቄን ሲያዩ እነሱም አንድ በአንድ ሳቃቸውን ትተው ወደ ቡናቸው ክምር ዞሩ። ያ ከሳቁ ባሰብኝ።

በካሊፐር ለካሁት። ወፍሯል፣ ፀጉር ታህል። ያኔ ገባኝ። አንተ ልኩ ላይ ቆርጠህ አታውቅም ነበር። ሁልጊዜ ፀጉር ታህል አስተርፈህ፣ ዕቃው ቦታው ሲደርስ በሞረድ እያሻሸህ ታስገባዋለህ። "ብረት ሲቀነስ እንጂ ሲጨመር አላየሁም" ትለኝ ነበር። ኮምፒውተሩ ላይ ልኩን ስጽፍ እጄ ያንተን ትርፍ ጨምሮ ጽፏል፤ እኔ እንኳ አላወቅሁበትም። ጋሽ ሽብሩ ቢሆን "ይቺ ለሞረድ ናት" ብሎ ይገባው ነበር። ያ ማሽን አንተን የት ያውቅሃል፤ ያልኩትን ሳያዛንፍ ቆርጦ ላከልኝ።

ሞረድ ደግሞ አልያዝኩም፤ የኮምፒውተር ሰው ሞረድ ምን ያደርግለታል ብዬ። የማጠቢያው የውሃ ፓምፕ ሠራተኛ የብርጭቆ ወረቀት ፈልጎ አመጣልኝ። ሁለት ጎረምሶች ዘንጉን በጆንያ ይዘው ያሽከረክራሉ፣ እኔ ወረቀቱን ጠምጥሜ አሻሻለሁ፤ ሰው ቶርኖ ሆነ። ትንሽ ካለፍኩ ዘንጉ ይላላል፣ የላላ ዘንግ ማሽኑን እያንገጫገጨ ይበላዋል፣ መመለሻም የለውም። አሻሽቼ እለካለሁ፣ ለክቼ እፈራለሁ፣ ፈርቼ አሻሻለሁ። እማማ አስቴር አጠገቤ ቆመው "ኢየሱስ፣ ኢየሱስ" ይላሉ። ለእኔ ይሁን ለቡናቸው አልጠየቅኋቸውም።

ገባ። በመዳፌ ብቻ ገፍቼው ገባ። መፈልፈያው ተነስቶ ቆዳው በአንድ በኩል ሲወጣ፣ ፍሬው ከውሃው ጋር ሲወርድ ጆንያው ላይ ቁጭ አልኩ። ጋሽ ደስታ "እኔ አሁንም ደብቀኸው ነበር ባይ ነኝ" አለኝ።

ኔትወርክ ያለበት ስወርድ ሐዋሳ ላለችው አለቃዬ ደወልኩላት። ሙከራዬ እዚያው ያበቃል ብዬ ሁሉንም ዘረገፍኩላት፣ ያንተን ሞረድ ሳይቀር። እኔ ለቅሶ ላይ ነኝ፣ እሷ ምሳ ላይ ነበረች መሰለኝ፣ እያኘከች ሰማችኝ። "ታዲያ ስዕሉን አስተካክለህ ላከው፣ ሌላ ማጠቢያም ይፈልገዋል" አለችና ዘጋች።

አስተካከልኩት። ያቺን ትርፍ ከስዕሉ ላጠፋት ስል ግን ጣቴ ቆመ፤ አንተን ከቤት የማስወጣህ መሰለኝ። አትቀየመኝ አባዬ። ማሽኑ ስለማያውቅህ እዚያ ላስቀርህ አልችልም። እኔ ዘንድ ግን ትቀራለህ። ልክ በጻፍኩ ቁጥር ያቺን ፀጉር የምታህል በልቤ እጨምርና አንተን አስታውሼ እቀንሳታለሁ፤ እስካለሁ ድረስ እንዲሁ ነው። ፍርሃቱም አልለቀቀኝም፣ ትናንትም "ላክ" ስል ጆሮዬን አቁሜ ጠበቅሁህ።

እማዬ ምን ሆነህ ነው እህል የማትበላው ስትለኝ ይህንኑ ሁሉ ነገርኳት። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና "ይኸው ነው?" አለች። ይኸው ነው አባዬ። ለካ ትንሽ ነገር ነበረች።

ልጅህ ታሪኩ