ለሩቅ አገር ያልነው አሚን

ሐሙስ፣ ጥር 21፣ ሆጤ

የሰው አገር በጉልበት ልጠቅልል ያለው የፈረንጅ ፕሬዝዳንት አልሆነለትም፣ ትቶታል ሲል ሬዲዮው አወራ። አባባ ከመደባቸው ብድግ አሉ። «አልሐምዱሊላህ! ዱዓችን ደረሰ!»

ባለፈው ለጋራ ልመና ወዳጃ ተቀምጠን ዱዓ ስናደርግ፣ ለዚያ አገር ሰዎች ሁላችንንም አሚን አሰኝተውን ነበር። ያገሩን ስም እንኳ በቅጡ መጥራት ስላቃታቸው ሳቄን በሻሼ ሸፍኜ ነው አሚን ያልኩት።

እናቴ ሽንኩርቷን እየላጠች፣ ቀና ሳትል፣ «ታዲያ ስለኛ ልጅ አላህን ምን ብለን ብንለምነው ነው የሚሰማን?» አለች። ወንድሜ ሰይድ በጦርነቱ ጊዜ ኮምቦልቻ ሥራ እንደወረደ ከቀረ ወዲህ ለሱ ያልተለመነበት ወዳጃ የለም። አባባ ሬዲዮውን ዘጉ።

ከአሱር ሶላት በኋላ ወዳጃ ተቀመጥን። አባባ «ያ ረቢ፣ ሰይድን...» ብለው ጀመሩ። ልመናውን ሳይጨርሱት አሚን አልን።