ጥሩወርቅ ታንብብ

ፈንታሁን ሆዴ፣

ከተለያየን ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ሙት ዓመትህን ካወጣን ወዲህ ልጽፍልህ ወረቀት ባነሣሁ ቁጥር እንባ እየቀደመኝ እተወው ነበር። ዛሬ ግን ለእንባ አይደለም የተቀመጥኩት። የምነግርህ ነገር አለኝና አላስችል ብሎኝ ነው። ብትኖር ኖሮ ከደጅ ጀምሬ ስምህን እየጠራሁ ነበር የምገባው።

ቤቱ እንዴት እንደሆነ ሳልነግርህ ሌላውን እንደማትሰማኝ ስለማውቅ ከሱ ልጀምር። ሩዙ ዘንድሮ ደህና ያዘ። መሬቱን ለወንድምህ የእኩል ሰጥቼዋለሁ፤ እንዳንተ ባይሆንም ይጥራል። በክረምቱ የርብ ወንዝ ሞልቶ ውሃው እስከ ደጃፋችን መጥቶ ነበር። ልጅህ ሰላምና እኔ እህሉን ቆጥ ላይ ስናወጣ ዋልን፤ ተመስገን፣ ቤት ሳይገባ ተመለሰ። ላሟ ወለደች፤ ጥጃዋ ጥቁር ሆና ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት። ሰላም አሥራ አንደኛ ክፍል ገብታለች። በቁመት በልጣኛለች። ስትቆጣ ቅንድቧን ስትሰበስብ ቁርጥ አንተን ነው፤ አንዳንዴ ሆን ብዬ አስቆጣታለሁ።

እኔ ደግሞ ሥራ ይዣለሁ። የት መሰለህ? ወረታ፣ አንተ ያረፍክበት ሆስፒታል ውስጥ። የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። ዘመዱ ሁሉ "ባልሽ የሞተበት ቤት እንዴት እግርሽ ይገባል?" አለኝ። ሌላ ሥራ አላገኘሁም፤ ደግሞ እውነቱን ልንገርህና፣ ያንን ግቢ ስረግጥ ካንተ የራቅሁ አይመስለኝም። የደረሰኝ የወንዶች ተኝቶ መታከሚያ ክፍል ነው። ሰው ሲሞት ሐኪሙ ይፈርማል፣ ዘመድ ያለቅሳል፣ ሬሳው በቃሬዛ ይወጣል። ከዚያ ሁሉም ይሄድና አልጋውን በበረኪና የማጥበው እኔ ብቻ ነኝ። "ጥሩወርቅ፣ እንዴት ነሽ?" ያለኝ ሰው አልነበረም። እኔም ማንንም አልጠየቅሁም። እዚያ የሚሠሩት ሰዎች ሞትን የለመዱት ይመስለኝ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ሙሉቀን። ታስታውሰዋለህ፣ ረጅሙ ቀጭኑ ነርስ። አንተ ያረፍክ ዕለት ተረኛው እሱ ነበር። ትንፋሽህ ሲቆም እጅህን ደረትህ ላይ አስተካክሎ፣ እኔን ቀና ብሎ ሳያየኝ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ወጥቶ ሄደ። "እግዚአብሔር ያጥናሽ" እንኳ አላለኝም። እኔም ያንን ቂም እንደያዝኩ ነው ሥራ የገባሁት። በኮሪደሩ ስንተላለፍ ሰላም አልለውም፤ እሱም ግድግዳ ግድግዳውን እያየ ያልፈኛል። እንዲህ ሆነን ስምንት ወር ሠራን።

ከዚያ የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ብርቱካን አንድ ነገር አመጣች። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ሰው ሞቶብን ነበር፤ አንደኛው ሃያ ዓመት ያልሞላው የባጃጅ ሾፌር ነው። ከዚያ በኋላ ሠራተኛው ሁሉ ተኮራርፎ ሰነበተ፤ ሻይ እንኳ አብሮ መጠጣት ቀረ። ሲስተር ባሕር ዳር ለሥልጠና ሄዳ ሳለ፣ የሆስፒታል ሰዎች ተሰብስበው ታሪክ እያነበቡ፣ በዚያው ስለሞቱባቸው ሰዎች የሚነጋገሩበት ቦታ እንዳለ ሰምታ ነበር። "እኛም በየረቡዑ በምሳ ሰዓት እንሞክረው" አለች። ሳቁባት። የላቦራቶሪው ሰው "አሁን ተረት ነው የጎደለን?" አለ። ቢሆንም እሱም መጣ። መጀመሪያ አራት ሆኑ፣ በሁለተኛው ሳምንት ዘጠኝ። እኔ ጠረጴዛ እወለውላለሁ ብዬ ሻይ ክፍሉ እገባና መጥረጊያዬን ተደግፌ በሩ ሥር ቆሜ እሰማለሁ።

በሦስተኛው ረቡዕ ሲስተር ጉንፋን ይዟት ድምጿ ተዘጋ። "ማን ያንብብልኝ?" ብላ ዙሪያዋን አየች። አንዱ ስልኩን ያያል፣ አንዷ ምሳ ዕቃዋን ትከድናለች። ያን ጊዜ ሙሉቀን ከጥግ፣ ራሱን ሳያነሣ፣ "ጥሩወርቅ ታንብብ" አለ።

ፈንታዬ፣ ደሜ ፈላ! ሊያዋርደኝ መሰለኝ። የጽዳቷ ሴትዮ ስትደናበር አይተው እንዲስቁ ነው አልኩ። ጓንቴን አወለቅሁ፣ እጄን በጋወኔ ጠረግሁና ወረቀቱን ተቀበልኩ። በልቤ ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? የማን ተማሪ እንደሆንኩ አሳያችኋለሁ አልኩ። ጎታው ጎን ላይ በከሰል ሀሁ ጽፈህ፣ እህል ልቀዳ በመጣሁ ቁጥር "ይቺ ማናት?" እያልክ መንገድ የዘጋህብኝ ሁሉ በዓይኔ መጣ። ሰላም ትምህርት ቤት ስትገባ ደግሞ መጽሐፏን እየወሰድኩ ሳነብልህ፣ "ቀስ በይ፣ ነጥቡ ጋ ተንፍሺ" ትለኝ ነበር። ነጥቡ ጋ እየተነፈስኩ ጀመርኩ።

ታሪኩ ስለ አንድ የታንኳ ቀዛፊ ነው። ዕድሜ ልኩን ሰው ከዳር ወደ ዳር ሲያሻግር ይኖራል። አንድ ቀን ነፋስ ይነሣና ታንኳው ተገልብጦ አንድ ጎልማሳ ይሰጥምበታል። ቀዛፊው ታንኳውን ደረቁ ላይ ጎትቶ ሁለተኛ ውሃ አልገባም ይላል። የመንደሩ ሰው ቢለምነው እንቢ ይላል። በመጨረሻ የሟቹ እናት ትመጣለች። አትወቅሰውም፣ አታባብለውም። ታንኳው ላይ ወጥታ ትቀመጥና "አሻግረኝ" ትለዋለች። እዚያ ላይ ያልቃል።

አንብቤ ጨረስኩ። ከዚያ የላቦራቶሪው ሰው "እኔ እናትየዋን ብሆን እንኳን ታንኳው ላይ ልወጣ፣ ዓይኑንም አላይ" አለ። በልቤ እውነትህን ነው አልኩት። ሴትዮዋ አናዳኛለች። ሙሉቀን ግን "መሄድ የነበረበት ቀዛፊው ነው" አለ። "ቤቷ ሄዶ አንድ ቃል መናገር ነበረበት። ቃል ስለጠፋው ነው ያልሄደው። እኔ አውቀዋለሁ።" ይህን ብሎ ወደ እኔ ዞረ። በስምንት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይን ለዓይን ተያየን።

"የጥሩወርቅ ባለቤት ጋሽ ፈንታሁን ሲያርፉ ተረኛው እኔ ነበርኩ" አለ ለሁሉም። "ወጥቼ የሄድኩት ልብስ ማጠቢያው ጀርባ ነው። እዚያ ቆሜ አለቀስኩ። ላጽናናት ብዬ በሩ ድረስ መጥቼ ምን እንደምላት ጠፋኝና ተመለስኩ። እዚህ ሥራ ስትገባ ደግሞ ይብሱን አፈርኩ።"

"ታዲያ ማንበብ እንደምችል ማን ነገረህ?" አልኩት። ለምን ያንን እንዳስቀደምኩ እኔ እንጃ። አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።

"ራሳቸው ናቸዋ!" አለኝ። "ከማረፋቸው በፊት አንድ ጠዋት መድኃኒት ልሰጣቸው ስመጣ፣ ግድግዳው ላይ የለጠፍነውን 'እጅዎን ይታጠቡ' የሚለውን ወረቀት እያነበቡ ይስቃሉ። 'ሁለት ፊደል ስቷል፣ ማነው የጻፈው?' አሉኝ። እኔ ነኝ አልኳቸው። 'እንግዲያው ሚስቴ ውሃ ልትቀዳ ወጥታለች፣ ስትመለስ ታርምልሃለች። ያስተማርኳት እኔ ነኝ፣ ግን በልጣኛለች። ስታነብ ብትሰማት ሥራህን ትረሳለህ' አሉኝ።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ፈንታዬ፣ እኔ እኮ ከሞተ ሰው አዲስ ነገር ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም! ያለችኝን ትዝታ እንዳታልቅብኝ እየሳሳሁ ነበር የማስታውሰው። ይኸው ከዓመት ከአራት ወር በኋላ ያልሰማሁት ቃልህ ደረሰኝ። በዚያ ሕመም ውስጥ ሆነህ በኔ ትኮራ ነበር! በልጣኛለች አልክ! ሳቅሁ፣ አለቀስኩ፣ ደግሞ ሳቅሁ። ሲስተር በተዘጋ ድምጿ እየሳቀች ታስል ጀመር። ያ የላቦራቶሪው ሰው እንኳ የራሱን አወጣ፤ ውጤቱን ይዞ እየሮጠ ሳለ ስለሞተበት ሕፃን ነገረን። ለማንም ነግሮ አያውቅም ነበር።

ለሙሉቀን "ቂም ይዤብህ ነበር" አልኩት። "አውቃለሁ" አለኝ። ሲወጣ አጠገቤ ቆመና፣ ይህን ያህል ዘግይቶ፣ "እግዚአብሔር ያጥናሽ" አለኝ። "አሜን" አልኩት።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልልህም። ሙሉቀን ወደ ጤና ጣቢያ ልዛወር ብሎ ያስገባውን ማመልከቻ አላነሣም። እኔም ያንተን አልጋ አሁንም መጨረሻ ላይ ነው የማጥበው። ግን ባለፈው ሳምንት ከይፋግ በኩል የመጡ አንድ ሽማግሌ አረፉ። ሙሉቀን ወጥቶ አልሄደም። ከሴት ልጃቸው አጠገብ ቆሞ "እዚሁ ነኝ" አላት። በኋላ አልጋውን አጥቤ አዲሱን አንሶላ ስዘረጋ መጥቶ በአንድ በኩል ያዘልኝ። እዚያ ቤት ማንም አንሶላ ይዞልኝ አያውቅም ነበር።

እና አሁን አንባቢዋ እኔ ነኝ! የሲስተር ድምፅ ተመልሷል፣ ግን ወረቀቱን ለኔ ነው የምትሰጠኝ። የማዋለጃ ክፍል ሠራተኞችም ሰምተው እንምጣ ብለዋል። ሻይ ክፍሉ ስለማይበቃን ግቢው ውስጥ ዛፉ ሥር ልንወጣ ነው። ሰላም ከትምህርት ቤቷ መጻሕፍት እያመጣች ትመርጥልኛለች። እኔ ለሥራ በእግሬ ስሄድ ጮክ ብዬ እየተለማመድኩ ነው፤ የባጃጅ ሾፌሮቹ ያበድኩ መስሏቸዋል፣ ይምሰላቸው።

በመጪው ረቡዕ ግን ወረቀት አልይዝም። ሲስተር "በቃልሽ የምትነግሪን ሰው ካለ ንገሪን" ብላኛለች። አለኝ። ለነሱ አንተ የስድስት ቁጥር አልጋ በሽተኛ ነበርክ። ከታመምክ በኋላ ነው ያወቁህ፤ እርሻ ላይ አላዩህም፣ ሰርግ ላይ ስትጨፍር አላዩህም፣ ሰላም የተወለደች ዕለት ጎረቤት ለጎረቤት እየዞርክ ስትናገር አልሰሙህም። እኔ አለሁ፣ እነግራቸዋለሁ። በዚህ ረቡዕ ብቻ አይደለም። ድምፄ እስካለ ድረስ፣ የሚሰማኝ አንድ ሰው እስከተገኘ ድረስ እነግርልሃለሁ። አጀማመሩን ተለማምጄዋለሁ፦ "ፈንታሁን የሚባል ሰው ነበር" ብዬ እጀምራለሁ።

ያንተው ጥሩወርቅ